ሰማያዊው ኬብል የተሰካበት ረቡዕ

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

መምህር ዳኛቸው ለየራሳችን የላብራቶሪ ደብተር ሰጥቶናል። እዚያ ላይ የሚጻፈው ያዘዝነውና ማሽኑ የመለሰልን ብቻ ነው። «የሆዳችሁን ቤታችሁ ጻፉት» ብሎ ሲስቅ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሙከራ ሲሳካልኝ ከውጤቱ ሥር «ተመስገን» ብዬ ጽፌ አግኝቶብኛል። ስለዚህ ይችን ደብተር ገዛሁ። የሆዴን እዚህ።

በዚህ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ያዥ ከሆንሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ጠዋት እከፍታለሁ፣ አቧራ አራግፋለሁ፣ የተነቀለውን እሰካለሁ፣ ማታ እቆልፋለሁ። አሁን በአርባ ሦስት ዓመቴ እዚያው ክፍል ተማሪ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ሰኞ የወለወልሁት ጠረጴዛ ላይ ቅዳሜ እማራለሁ። ይኸን ያደረገልኝ መምህር ዳኛቸው ነው። ዕድሜዬን ሰበብ ሳደርግ «እትዬ ዓለሚቱ፣ እነዚህን ማሽኖች ከሁላችንም በላይ የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት» ብሎ ፎርሙን ራሱ አምጥቶ አስሞላኝ። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። ውለታውን የምከፍልበት ነገር የለኝም።

የኮርሱ ስም ረጅም ነው። ባጭሩ፣ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ የገባ ሰው በየትኛው ቀዳዳ ሾልኮ የማሽኑ ባለሙሉ ሥልጣን እንደሚሆን እናጠናለን። የምናጠናው ቀዳዳውን ለመድፈን ነው።

ዛሬ ማሽን አራት ላይ በራሴ ስም ገባሁ። «ማን ነኝ» ተብሎ የሚጠየቅበት ትእዛዝ አለ። ጠየቅሁት፤ «ዓለሚቱ» አለኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ትርንጎ በጣቷ አንድ ፋይል አሳየችኝ። ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው ራሱ በሙሉ ሥልጣን የሚያስፈጽመው የትእዛዝ ፋይል ነው፤ ያስቀመጠው ሰው ግን ማንም እንዲያርመው ክፍት ትቶታል። አንድ መስመር ጨመርሁበት። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። እንደገና «ማን ነኝ» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሩት» አለኝ። የማሽኑ ባለሙሉ ሥልጣን ማለት ነው።

እጄን ከፊደላቱ ላይ አነሣሁ። መምህሩ አይቶኝ ኖሮ «ደነገጡ?» አለኝ።

«ፈራሁ» አልሁት።

«ደግ። የማይፈራ ሰው እዚህ ክፍል ባይገባልኝ እወዳለሁ። አሁን ይድፈኑት።»

ደፈንሁት። ትርንጎ አጨበጨበችልኝ። የእብናት ልጅ፣ ቅዳሜን ከእኛ ጋር የምትደርብ መደበኛ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች፤ የክፍሉ አንደኛ ናት። ስሳሳት አትስቅብኝም። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ነጥብ ረሱ» ትለኛለች፣ ነጥቡን ግን ራሴ እስካገኘው ትጠብቃለች።

አንድ ሕግ አለን። ስድስቱ የመለማመጃ ማሽኖች የሚተዋወቁት እርስ በርሳቸው ብቻ ነው። በሰማያዊ ኬብል ስዊች ከምትባል አንዲት ትንሽ ማገናኛ ጋር ተያይዘዋል። ግድግዳው ላይ ካለው የኮሌጁ መስመር ጋር ግን አይገናኙም። መምህሩ ከመስመሩ በላይ በቀይ ጽፎ ለጥፏል፤ «ግድግዳው አይነካም»። ማሽኖቹ ሆን ተብለው ደካማ የተደረጉ ናቸውና።


ግንቦት 4፣ ሰኞ

ትርንጎ አንድ ፕሮግራም ጻፈች፤ «መፈተሻዬ» ትለዋለች። «ተማሪ» በሚለው የጋራ መግቢያ ወደ ማሽኖቹ እየገባ፣ ያ ክፍት የትእዛዝ ፋይል ያለበትን ይፈልጋል። ሲያገኝ ፋይሉ ውስጥ «ትርንጎ ገብታለች» የሚል መስመር ጽፎ ያልፋል። ለእኔም በፍላሽ ሰጠችኝ። ለቅዳሜ አስነሥቼ ያገኘሁትን መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት በረዶ ወረደ። ባሌ ይሻው የሚሠራው የትምህርት ቤት መደርደሪያ እንዳይበሰብስበት ሣንቃውን ሁሉ አስገብቶ አልጋችን ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። ተቆጣሁ፤ ከዚያ ሣቅሁ። አናጺ ያገባ ሰው ምን ያድርግ? ደግ ባል ሰጥቶኛል።


ግንቦት 6፣ ረቡዕ

በጥድፊያ። መፈተሻው አልነሣ አለኝ፤ የጎደለ ፋይል አለ ይላል። ፍላሹ ላይ የለም። ኔትወርክ ዛሬ መጥቷል፤ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ሰማያዊውን ኬብል ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ለአሥር ደቂቃ ብቻ። ፋይሉ ወረደ፣ ተመስገን። መፈተሻው ተነሣ። መዞር ጀመረ። ወዲያው ዲኗ ደወሉ፤ እንግዳ መጥቷል፣ አዳራሹ ይከፈት፣ ወንበር ይደርደር። ቆልፌ ሮጥሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወንበር ስሸከም ዋልሁ። ዝናብ ሲይዘኝ በዚያው ወደ ቤት።


ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ማሽን አራት በርቶ አድሯል። ኬብሉን ነቅዬ ወደ ቦታው መለስሁ። ማሽኑን አጠፋሁ። ጠረጴዛዎቹን ወለወልሁ። ሁሉ ነገር ደህና ነው።

ዛሬ ጉና ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል።


ግንቦት 8፣ ዓርብ

ትናንት ማታ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሲመጣ የሬጅስትራሩ ማሽን የያዘው የውጤት ፋይል ተበላሸ። ኃላፊው አቶ አዳነ አልደነገጡም፤ ማሽኑ በየማታው የተማሪ ውጤት ለብቻው ይገለብጣልና። ቅጂውን ሊያወጡ ቢሄዱ ከረቡዕ ወዲህ ምንም አልተገለበጠም። የአራት ክፍል ተማሪ የሁለት ቀን ውጤት ጠፋ። የሚገለብጠውን የትእዛዝ ፋይል ሲከፍቱት የነበረው ሁሉ ተደምስሶ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል።

«ትርንጎ ገብታለች።»

አቶ አዳነ ኮሪደሩ ላይ ሲጮኹ ሰማሁ። «ሌባ እያሠለጠነልን ነው እኮ ይኼ ሰውዬ!» መምህር ዳኛቸውን ነው።

የሳቸው ማሽንና የእኛ ስድስቱ የተጫኑት ከአንድ ቅጂ ነው። «ተማሪ» የሚለው መግቢያ እዚያም አለ፤ ማንም ትዝ ብሎት አላጠፋውም። ያኔ ሲጫኑ ዲስክ ያቀበልሁ እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ።

ያሳዝናል። ስንት ሰው ገባ ወጣ በሚልበት ግቢ ምን ይታወቃል።


ግንቦት 11፣ ሰኞ

ላብራቶሪው ታሸገ። ኮርሱ ቆመ። ትርንጎ መፈተሻዋን በፍላሽ ይዛ ሬጅስትራር ገብታለች ነው የሚባለው። ውጤቷን ልታሳምር ነው አሉ። የክፍሉ አንደኛ ምኑን ታሳምራለች?

ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢዋ ዲኗ ወይዘሮ መሠረት ናቸው። እኔንም አስጠርተው ጠየቁኝ።

«ክፍሉ ውስጥ ያዩት ያልተለመደ ነገር አለ?»

«የለም» አልሁ።

ያልተለመደ ነገር አላየሁም። የተጠየቅሁት ያየሁትን ነው።

ስወጣ ትርንጎ በሩ ላይ ተራ ትጠብቃለች። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይመሰክሩልኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዳዳ ስንደፍን ከእርስዎ ጋር አልነበርሁም?» አለችኝ። ነበርሽ አልኋት። እጇን ይዤ ነው የነገርኋት።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ

መምህር ዳኛቸው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አገኘኝ። ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ዘንድሮ የሚታደስለት አይመስለውም። ስለዚያ አንድ ቃል ሳይናገር በወረቀት የጻፈውን ልምምድ ሰጠኝ። «ላብራቶሪው ቢዘጋ እርስዎ አይቁሙ። ማሽን ሳይኖር በራስ ማሰብም ልምምድ ነው።»

እግዜር ይስጥልኝ ሳልለው ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ሻይ ቤት ሁለት ልጆች፣ «ያቺ ሀከሯ» ሲሉ ሰማሁ። አንዱ፣ «ከእሷ ጋር ዶርም የሚጋሩት ሻንጣቸውን መቆለፍ ጀምረዋል» አለ። ሳቁ።

አስቤ አስቤ የደረስሁበት ይኸ ነው፤ መፈተሻው ሲጽፍ ነባሩን ሳያጠፋ መጨመር ነበረበት። ትርንጎ ያን ተሳስታለች። አቶ አዳነም ፋይላቸውን ክፍት ትተዋል። ከእኔ ሌላም ሁለት ጥፋት አለ።

አሁን ያነበብሁት «ከእኔ ሌላ» የሚለውን ነው። ጻፍሁት ማለት ነው።


ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ልደታ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ለይሻው ነገርሁት። ሣንቃ እየላገ ነበር። ጨርሼ እስክነግረው አላቆመም።

«ማን አየሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያ ዝም በይ። የአሥራ አራት ዓመት እንጀራሽ ነው።»

«ልጅቷስ?»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ለልጅቷ ማስረጃ ያጣሉ፤ ይተዋታል» አለ። ሣንቃውን እንጂ እኔን አያይም ነበር። እሱም አላመነበትም። ለእኔ ፈርቶ ነው፤ ይኸንም እንዳልረሳለት እዚህ ጻፍሁት።


ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው በሙሉ ልጻፍ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ከታሸገው ክፍል ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«እንዴት አደርሽ፣ እታለም። የኮምፒውተር ቤት ይኸ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይኸ ነው፣ አባቴ። ማንን ፈለጉ?»

«የትርንጎ አባት ነኝ። ዓለምነው እባላለሁ። ከእብናት ነው የመጣሁት። ነገ ልጅህ ትዳኛለች፣ ና ብለው በስልክ ነገሩኝ።»

ወንበር አወጣሁላቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡና ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

«አንቺ የቤቱ ሠራተኛ ነሽ?»

«ቁልፍ ያዥ ነኝ።»

«እንግዲያ ታውቂያለሽ። ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ የሚያስረዳኝ አጣሁ። ልጄ ምን አጠፋች? ዕቃውን ሰበረችው?»

«አልሰበረችም።»

«ሰረቀች?»

«አልሰረቀችም፣ አባቴ።»

«ሰው ተሳደበች?»

«የለም።»

ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ነገ ከፊታቸው ስቆም ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅላት?» አሉኝ።

ጣሳውን አነሣሁ። ወደ ዲኗ ቢሮ አደረስኋቸው። በሩ ላይ ሲለዩኝ፣ «ከዚህ ከተማ ፊት የሰጠሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ» ብለው ጎንበስ አሉልኝ። ለእኔ ጎንበስ አሉ።

ተመልሼ የታሸገው በር ሥር ተቀመጥሁ። እዚህ ደብተር ላይ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ጥፋቴ ብዬ ያልጻፍሁትን አሁን እጽፈዋለሁ፤ ኬብሉን ግድግዳው ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ። መፈተሻውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ነቅዬ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ስድስት ማሽን ብቻ እንዲዞር የተጻፈው ፕሮግራም ግቢውን በሙሉ ሲዞር ያደረው በእኔ እጅ ነው። ሁሉ ነገር ደህና ነው ብዬ ስጽፍ ደህና እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ለይሻው ነገ እናገራለሁ አልሁት። የእንጨቱን ፍቅፋቂ ከልብሱ አራገፈና፣ «ልምጣ?» አለኝ።


ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ተናገርሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ትርንጎ በአንድ ጎን፣ መምህር ዳኛቸው በሌላ ጎን። አባቷ ተራቸው እስኪደርስ ዲኗ ቢሮ ተቀምጠዋል። ሳይጠሩኝ ነው የገባሁት። ቆሜ ሁሉንም ከረቡዕ እስከ ሐሙስ ነገርኋቸው። ስጨርስ ትርንጎ ዞራ አየችኝ፤ ያን አስተያየት መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። አላመኑኝም።

«ወይዘሮ ዓለሚቱ» አሉ አቶ አዳነ፣ ደግሞ በርኅራኄ ነው፤ «አንጀትዎ ለሰው እንደሚራራ ሁላችንም እናውቃለን። አባትየውን ትናንት አይተው አዝነዋል። ግን ይኸ እርስዎ የሚሠሩት ነገር አይደለም። እርስዎ ቁልፍ ነው የሚይዙት።»

ሌላው የኮሚቴ አባል ሣቅ አለ። «ከሬጅስትራር ማሽን ገብተው ነው እትዬ ዓለሚቱ?»

እውነቱን ልጻፍ። በዚያች ሰዓት ከኀፍረቴ በላይ ተናደድሁ። ጥፋቴን እንኳ የሚያምንልኝ ልጣ?

«ላሳያችሁ» አልሁ።

ወይዘሮ መሠረት መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ምን ያሳዩናል?»

«እንዴት እንደሆነ። ከዚያው ቅጂ የተጫነ ትርፍ ማሽን ዕቃ ቤት አለ። እሱን የሬጅስትራር ምትክ አድርጉልኝ። መምህሩ እጁን አያስገባ። እኔ ብቻዬን።»

ለሚመጣው ረቡዕ ቀጠሩኝ።

ስወጣ ዝናቡ ወርዶ አባርቷል። ይሻው ከበሩ ፊት ቆሟል፤ ራሱ ርሶ ጥላዬን ሳይዘረጋው በብብቱ ይዞታል። «ለምን አልዘረጋኸውም?» ብለው፣ «ያንቺ ነው ብዬ» አለ። መንገድ ላይ ሁለታችንም አልተናገርንም። ቀለለኝ። ነገ ከሥራ ቢያባርሩኝ እንኳ ዛሬ ቀለለኝ፤ ተመስገን።


ሰኔ 2፣ ሰኞ

የሐዋርያት ጾም ገባ። መምህር ዳኛቸው መጣ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ልለው ስጀምር እጁን አነሣ።

«እትዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በማን እንደምናደድ ሳላውቅ ተናደድሁ። አሁን አወቅሁ። ይኸም ዕረፍት ነው። ከረቡዕ በኋላ በደንብ እናደዳለሁ፤ እስከዚያ ያጥኑ።»

የሰጠኝን ወረቀት አውጥቼ አጠናሁ። ማሽን ሳይኖር በራስ ማሰብ።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

እሽጉ ተነሣ። ክፍሉ አቧራ ለብሷል፤ አመሌ ነውና ከመቀመጤ በፊት በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ኮሚቴው ከኋላዬ ቆመ። ትርንጎም አለች። መምህሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ።

ትርፉ ማሽን ከእኛ ስዊች ጋር ብቻ ተያይዟል፤ ግድግዳው ዛሬም አልተነካም። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍሁት። ከሦስተኛው ትእዛዝ ወዲያ አልተሳሳትሁም። እያንዳንዱን እየሠራሁ ለምን እንደሆነ ነገርኋቸው፤ መፈተሻው በየትኛው መግቢያ እንደገባ፣ ክፍቱን ፋይል እንዴት እንዳገኘው፣ ያ ፋይል በሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ ተራው «ተማሪ» እንዴት የማሽኑ አዛዥ ሊሆን እንደሚችል፣ ነባሩ ትእዛዝ ለምን እንደጠፋ። ጠበቅን። ትርፉ ማሽን ላይ ያ መስመር ወጣ። «ትርንጎ ገብታለች።»

አቶ አዳነ፣ «ይኸ መቻሉን እንጂ መሆኑን አያሳይም» አሉ። ልክ ናቸው።

«እንግዲያ የእርስዎን ማሽን እንጠይቀው» አልኋቸው። «ማን መቼ ከየት እንደገባ ይመዘግባል። ይክፈቱልኝ፤ እኔ አልነካም፣ አነብላችኋለሁ።»

ሁላችንም ሬጅስትራር ሄድን። መዝገቡን ከፈቱ። መስመሩን በጣቴ ተከትዬ አገኘሁት። ግንቦት 6 ረቡዕ፣ በማሽኑ ሰዓት 15፡41፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አንድ፤ የገባው በኮሌጁ መስመር ነው፤ የመጣው ከላብራቶሪ ማሽን አራት። በፍላሽ የገባ ምንም የለም።

ወይዘሮ መሠረት፣ «ትርንጎ፣ ያን ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርሽ?» አሏት።

«ፈተና ላይ። ፈርሜያለሁ።»

የፈተናው ፊርማ ወረቀት መጣ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር። ስሟ አለ።

አቶ አዳነ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። መዝገቡ ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ እዚያ ነበር፤ የከፈተው ሰው የለም። ዲኗ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸን ሁሉ እርስዎ ነዎት የተማሩት?»

አዎ ስል ዕንባዬ መጣ። በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የጎበዝሁባት ቀን የራሴን ጥፋት ያስረዳሁባት ናት።


ሰኔ 6፣ ዓርብ

ተወሰነ። ትርንጎ ከጥፋቱ ነጻ ናት፤ ደብዳቤዋ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። መምህር ዳኛቸው ክፍሉን ሌላ ቁልፍ ያዥ እየከፈተለት ያስተምራል፤ ኮንትራቱ እንደሚታደስ ወይዘሮ መሠረት በጆሮው ነግረውታል። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፤ ከቁልፍ ያዥነት ተነሥቼ ወደ ቤተ መጻሕፍት። ኮርሱን ግን እንድጨርስ ተፈቀደልኝ።

ቁልፉን አስረከብሁ። ቦርሳዬ ቀለለ። አላባረሩኝም፤ ያውም ተማሪነቴን አልነኩብኝም። ለዚህ ምን ብዬ ላመስግን።

መምህሩ ዛሬ በደንብ ተናደደ፤ ግማሽ ሰዓት። ሁሉን ቆሜ ሰማሁ። ሲጨርስ፣ «ነገ ቅዳሜ ነው፤ እንዳያረፍዱ» አለኝ።


ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ከሚካኤል ስመለስ በኮብልስቶን የተነጠፈው መንገድ ላይ ትርንጎን አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከኮሚቴው ወዲህ ሦስተኛዬ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዶርም ውስጥ ሻንጣቸውን ሲቆልፉብኝ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሻይ ቤት የሚባለውንም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሺ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

አልሰማሁም ብላት ይቀለን ነበር። አልቀለለንም። እንዲያም ሆኖ በመጠየቋ አመሰግናታለሁ።


ሰኔ 20፣ ዓርብ

ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየደረደርሁ ትርንጎ መጣች። መጽሐፍ የምትዋስ መስሎኝ ካርድ ላወጣ ስል ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«መፈተሻውን እንደገና ጻፍሁት። ነባሩን አያጠፋም። ከስድስቱ ማሽን ውጭ አንድ እርምጃ አይሄድም፣ ኬብሉ የትም ቢሰካ። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት፤ ያ የእኔ ነው።»

«ያንቺ አይደለም…»

«ነው፣ እትዬ። የእርስዎን አልቀነስሁም፤ የእኔን ነው የጨመርሁት።» ፈገግ አላለችም። «ቅዳሜ ይሞክሩት። እንዲያመልጥ ማድረግ የሚችል ሰው ካለ እርስዎ ነዎት።»

ይኸ ስድብ ይሁን ምስጋና ለይሻው ነገርሁትና ሁለታችንም መለየት አቃተን። ሳቅን። ከግንቦት ወዲህ ስንስቅ የመጀመሪያችን ይመስለኛል።


ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ለሁለት ሰዓት ያህል ታገልሁት። አላመለጠም። በደብተሬ «አላመለጠም» ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ትርንጎ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አነበበችውና ወንበሯን ወደ ድሮ ቦታዋ፣ ወደ አጠገቤ፣ ሳበችው።


ሰኔ 29፣ እሑድ

የመደበኛዎቹ ምርቃት። የእኛ የቅዳሜዎቹ ለጥቅምት ነው። ትርንጎ በከፍተኛ ማዕረግ። ዳስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አጨበጨብሁ። ሹልክ ብዬ ልወጣ ስል አቶ ዓለምነው መንገዴ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊትሽን አይቼ ደዌ ያለብሽ መስሎኝ ነበር። ስመለስ መኪናው በጣራ ገዳም ሥር ሲያልፍ፣ ስምሽን አልጠየቅሁም ነበርና፣ ውኃ ያጠጣችኝን ሴት ማርልኝ ብዬ ለመንሁ።» ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ምን ልበልሽ? ጸሎቴ ደርሷል።»

ልጃቸው ፎቶ ለመነሣት ስትጠራቸው ሄዱ።


ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ቤተ መጻሕፍት ሳለሁ ከሬጅስትራር ተጠራሁ። አቶ አዳነ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታችን ከሩቅ ነው።

«ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ያ ፋይል እስካሁን ክፍት ነው። ‹ተማሪ› የሚለውም መግቢያ አለ። ከባሕር ዳር ባለሙያ ይመጣል እየተባልሁ ወር ሆነኝ፤ መንገዱ እንደሚያዩት ነው። ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

የማሽኑን ትልቁን የይለፍ ቃል ራሳቸው አስገቡ። ወንበሩን ለቀቁልኝ። እስክቀመጥ ቆመው ጠበቁና፣ «እኔ ሻይ ላስመጣ» ብለው ወጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። የኮሌጁ ተማሪ ሁሉ ውጤት ከፊቴ፣ ሙሉ ሥልጣኑም በእጄ። ፋይሉን ዘጋሁት። መግቢያውን አጠፋሁት። የሚገለብጠውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ሞከርሁት፤ ሠራ። ሌላ ምንም አልነካሁም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ።

ከማሽኑ ወጣሁ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስሁ። በሩን ከፍቼ፣ ሻዩን ይዘው እስኪመጡ ድረስ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።